ቀዩ አምፖል፣ ፓነሉ፣ ቀበቶው ወይስ የጠዋት ፀሐይ? ኢንፍራሬድ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት በፌስታል የያዙትን ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ግማሹ ተቃጥሏል። ቀይሩልኝ» አሉ። ዕቃው ደብተር የሚያህል ፓነል ነው። በላዩ ላይ ትንንሽ አምፖሎች ተደርድረዋል። ልጁ ሶኬት ላይ ሰካው። እውነትም አንዱ መስመር ቦግ ብሎ ቀልቷል፣ ቀጥሎ ያለው ጨልሟል፣ ከዚያ ደግሞ ቀይ፣ ከዚያ ጨለማ። «አብሽሩ እናቴ» አለና ሌላ ካርቶን ከፈተ። ያም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ልጁ ግራ ገባው።

ስልኬን አወጣሁና የፊት ካሜራውን ወደ ፓነሉ አዞርኩት። ጨለሙ የተባሉት መስመሮች ስክሪኑ ላይ ነጣ ያለ ሐምራዊ ሆነው ቦግ አሉ። ሴትዮዋ ስልኩን ተቀበሉኝ። አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ፓነሉን ያያሉ። «ታዲያ እያለ ነው የሌለው?» አሉ።

ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላውቅም። ቅርብ ኢንፍራሬድ ማለት እያለ የማይታይ ብርሃን ነው። የማይታይ ነገር ሲሸጥ ደግሞ ገዢ በቀላሉ ይታለላል፣ ሳያውቅም ይጎዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤትም ዘመድም «የትኛውን ልግዛ?» ሲለኝ የምመልሰው አንድ ጥያቄ ነው። የምትፈልጉት ሙቀት ነው ወይስ ብርሃን? ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚሸጡ ነው ሰው የሚሳሳተው።

መጀመሪያ ነገሩን እንለየው

በ1800 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኸርሼል የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከሁሉም በላይ የሞቀው ከቀዩ አልፎ፣ ምንም ቀለም በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ነበር። ኢንፍራሬድ የታወቀው እንዲህ ነው።

ብርሃን በሞገዱ ርዝመት፣ በናኖሜትር ይለካል፤ ዓይናችን የሚያየው ከ380 እስከ 750 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1400 ያለው ቅርብ ኢንፍራሬድ ይባላል። ከ3000 በላይ ያለው ደግሞ ሩቅ ኢንፍራሬድ ነው፤ የጋለ ምጣድ፣ የሞቀ ግድግዳ፣ የገዛ ሰውነታችንም ሳይቀር የሚሰጡት እሱን ነው። ልዩነቱ ለገዢ ትልቅ ነገር ነው። ሩቁ ቆዳ ላይ እንዳረፈ እዚያው ላይኛው ሽፋን ላይ ይቀራል፤ ሥራው ማሞቅ ብቻ ነው። ቅርቡ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። «አጥንት ድረስ ይገባል» የሚለውን ማስታወቂያ ግን እንዳለ አትውሰዱት። አብዛኛው ጉልበቱ አንድ ሴንቲሜትር ሳይሞላ ያልቃል።

«ጨረር» ሲባል የሚደነግጥ ሰው አለ። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ የሚደቀነውን የሙቀት መለኪያ የሸሸ ስንቱ ነበር። ያ መሣሪያ ግን ከግንባራችን የሚወጣውን ሙቀት ይቀበላል እንጂ ኢንፍራሬድ አይረጭብንም። በዚያው ጊዜ ጣት ላይ ሲደረግ የነበረው የኦክስጅን መለኪያ ነው በእውነት ብርሃን የሚልክ፤ 660 ናኖሜትር ቀይ እና 940 አካባቢ ኢንፍራሬድ። የቴሌቪዥን ሪሞትም ያው ነው። ይህ ብርሃን እንደ ራጅ ሴል ውስጥ ገብቶ ዘረመል የሚሰብር አይደለም። ጉዳቱ ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው፦ ከቃጠሎና ከዓይን።

ከሰልና ሂተር

ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ በሐምሌ አጥንት ይሰብራል። ጉጉፍቱን አልፎ ወደ ወረኢሉ የሄደ ሰው ደግሞ ብርድ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ስለዚህ የኛ የመጀመሪያው ኢንፍራሬድ ከሰል ነው። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ድረስ ማንደጃው ዙሪያ ነን።

የእማዬን ቅልጥም ላሳያችሁ። ከጉልበቷ በታች፣ በፊት ለፊት በኩል፣ እንደ ዓሣ መረብ የተጠላለፈ ቡናማ መስመር አለ። ቆዳው አልቆሰለም፣ አያማትም። ሲነካ ትንሽ ሻከር ይላል። ዓመታት ሙሉ እግሯን ከሰል ጋ አስጠግታ በመቀመጧ የመጣ ነው። ሐኪሞች ኤሪቴማ አብ ኢግኔ ይሉታል፤ «ከእሳት የመጣ መቅላት» ማለት ነው። የሚያቃጥል ሙቀት አያስፈልገውም። የማያሳምም ሙቀት ቢሆንም በየቀኑ፣ ለብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ይበቃዋል። አልፎ አልፎ ከረጅም ዓመታት በኋላ ወደ ቆዳ ካንሰር የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ላይ ቁስል ወይም እብጠት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ በር የተዘጋበትን ቤተሰብ በእንቅልፉ ይገድላል። ለቁርጥማት ብላችሁ ከሰል መኝታ ቤት አታስገቡ። ይህን ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱ እንኳ አልቆጭም።

ብርቱካንማ ሆኖ የሚግለው የኤሌክትሪክ ሂተር ጭስ የለውም። ነገር ግን የሚሰጠው አብዛኛው መካከለኛና ሩቅ ኢንፍራሬድ ነው። ክፍል ለማሞቅ ይግዙት፤ ለቅርብ ኢንፍራሬድ ብሎ የሚገዛው ካለ ገንዘቡን ያጠፋል። ከ1000 ዋት በላይ ስለሚስብም በማካፈያ ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር አይሰካም።

ቀዩ አምፖል

ዋናው ንጽጽር እዚህ ይጀምራል። ቀዩን አምፖል ኮምቦልቻና ደሴ ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ያው 250 ዋት፣ ፊቱ ቀይ መስታወት የሆነ፣ ድፍን ያለ አምፖል ነው። ለሰው ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ 150 ዋት ሆኖ ከነማቆሚያው ይመጣል። ውስጡ የጋለ ሽቦ ነው። ከሚወስደው መብራት ውስጥ ወደሚታይ ብርሃን የሚለወጠው ጥቂቱ ነው፤ ቀሪው በኢንፍራሬድና በሙቀት ይወጣል፣ ከዚያም ትልቅ ድርሻ ያለው ቅርቡ ነው። ስለዚህ «አምፖሉ ኢንፍራሬድ አይደለም፣ ፓነሉ ነው ትክክለኛው» ለሚላችሁ ሻጭ አትስሙት። አምፖሉ ቅርብ ኢንፍራሬድ በገፍ ይሰጣል። ከብዙ ሙቀት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው እንጂ።

ሙቀቱ ራሱ ሥራ አለው። የተያዘ ወገብ፣ የደረቀ ትከሻ፣ ጠዋት ጠዋት የሚገትር ጉልበት ሲሞቅ ይላላል። ደም በደንብ ይዘዋወራል፣ ሕመሙ ለጊዜው ረገብ ይላል። ጠዋት ከመራመድ ወይም ከፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ በፊት 15 ደቂቃ መሞቅ ለብዙ ሰው ጥሩ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ቀልድ የለም። መስታወቱ በጣም ይግላል። ፕላስቲክ መያዣ ላይ ከተገጠመ ያቀልጠዋል፤ ሴራሚክ መያዣ ግዙ፣ ከፊቱ የሽቦ መከለያ ያለው ቢሆን ይመረጣል። የውሃ ጠብታ ከነካው ሊፈነዳ ይችላል። ከቆዳ ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይራቅ። መጀመሪያ የእጃችሁን ጀርባ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ አቆዩ፤ ደስ የሚል ሙቀት መሆን አለበት እንጂ «ቻል አድርጌው» የሚያሰኝ መሆን የለበትም። ከአልጋ በላይ አይሰቀልም። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጠገቡ አይሁን። በርቶ መተኛት ፈጽሞ አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ በኛ ቤት የተለመደ ስለሆነ ልንገራችሁ። የሚያቃጥል ማሻ ቅባት ተቀብቶ አምፖል ሥር መቀመጥ ቆዳ ያቃጥላል። ቅባቱን አጥባችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ሙቁ።

ፓነሉ

ፓነሉ የኤልኢዲ ዕቃ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት አምፖል አላቸው፦ 660 ናኖሜትር የሆነ ቀይ፣ እና 850 ናኖሜትር የሆነ ቅርብ ኢንፍራሬድ። ሴትዮዋን ያሳሳታቸው 850ው ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ፍም የምታህል ደብዛዛ ቅላት አላት። ሱቅ ውስጥ በቀን ብርሃን ግን የጠፋ ይመስላል።

ፓነሉ ሲገዛ ሐሳቡ ማሞቅ አይደለም። ብርሃኑ ሴል ውስጥ ገብቶ ሚቶኮንድሪያ የሚባለውን የኃይል ማመንጫ ያነቃቃል ነው የሚባለው። ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሀንጋሪያዊው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር የአይጦችን ቆዳ ላጭቶ በደካማ ሌዘር ሲያበራባቸው ፀጉሩ ቶሎ ሲያድግ አየ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደርጓል። ጠንካራ መረጃ ካለባቸው ጉዳዮች አንዱ የካንሰር ሕክምና የሚያስከትለውን የአፍ መቁሰል መከላከል ነው፤ የሚሠራውም በባለሙያ እጅ፣ በተለካ መጠን ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለፀጉር የተገኘው ውጤት የተደባለቀ ነው፤ አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለኩላሊት «ያድናል» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ግን ጥላችሁ ውጡ።

ዋጋን ካነሳን፣ አንድ ደህና ፓነል የበርካታ አምፖሎችን ዋጋ ይበላል። አምፖሉ ሲቃጠል አዲስ ገዝቶ መግጠም ነው። የፓነሉ ኤልኢዲ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ቢሆንም፣ መብራት ሲዋዥቅ የሚሄደው ውስጡ ያለው የኃይል ክፍል ነው፤ እሱን የሚጠግን ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ትንሽ ፓነል 20 ወይም 30 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ በሶላር ባትሪ ይሠራል። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 250 ዋት አምፖል በቤት ሶላር አይታሰብም።

ዋት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ተጽፎ አስማሚው ላይ ደግሞ 12 ቮልት፣ 3 አምፔር የሚል አይቻለሁ። አባዙት፤ 36 ዋት ነው። ከ36 ዋት አስማሚ 1000 ዋት አይወጣም። ሂሳቡን ሱቁ ውስጥ ሻጩ ፊት ሥሩ፣ ነውር የለውም።

ሁለተኛው ቁጥር ሚሊዋት በካሬ ሴንቲሜትር የሚለው ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የጠራ የቀትር ፀሐይ በካሬ ሜትር ወደ 1000 ዋት፣ ማለትም በካሬ ሴንቲሜትር 100 ሚሊዋት ገደማ ይሰጣል። ፓነሉ 200 ይላል? በምን ያህል ርቀት ነው የተለካው ብላችሁ ጠይቁ። ዜሮ ርቀት ላይ የተለካ ቁጥር 30 ሴንቲሜትር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ምንም አይነግረውም። መጠኑ የሚሰላው ኃይሉን በጊዜ በማባዛት ነው፤ 50 ሚሊዋት ለ200 ሰከንድ 10 ጁል ይሆናል። ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ደግሞ ሲበዛ ጥቅሙ እንደሚቀንስ ነው። «10 ደቂቃ ከጠቀመ አንድ ሰዓት ይሻላል» እዚህ አይሠራም።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ ቮልቱን ሳታዩ አትሰኩ። 100–240 የሚል ካለ ደህና ነው። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ በኛ 220 ላይ ያን ቀን ነው የሚያበቃው።

ቀበቶውና ድንጋዩ

ቀበቶው ወገብ ወይም ጉልበት ላይ ይታሰራል። እጅ ነፃ ያደርጋል፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይመቻል። ችግሩ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ራሱ የሚዘጋ ሰዓት የሌለውን አትግዙ። ርካሹ ማሳጀር ላይ የምታዩዋቸው ሦስትና አራት ቀይ መብራቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጌጥ ናቸው።

ባትሪም ገመድም የሌለው «ኢንፍራሬድ የሚረጭ» አምባር፣ ካልሲና ድንጋይ አለ። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ሩቅ ኢንፍራሬድ ይሰጣል። የሰውነታችሁን ሙቀት አፍኖ መመለስ ከሆነ፣ ጋቢያችሁ በደንብ ይሠራዋል።

የጠዋት ፀሐይ

መሬት ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ ነው፣ አብዛኛውም ቅርቡ። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ረጅም አየር አቋርጦ ስለሚመጣ አልትራቫዮሌቱ በጣም ይቀንሳል፤ ኢንፍራሬዱ ግን የተሻለ ያልፋል። አጥር ሥር ተቀምጠው ጀርባቸውን ለፀሐይ የሚሰጡት ሽማግሌዎቻችን ይህን በነፃ ነው የሚያገኙት። በመስታወት መስኮት በኩልም ሙቀቱና ቅርብ ኢንፍራሬዱ ይገባል። ቫይታሚን ዲ ግን አይገኝም፤ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ ስለሆነ መስታወት ያስቀረዋል። አምፖሉም ሆነ ፓነሉ ቫይታሚን ዲ አይሰጡም፤ ለሕፃን ልጃችሁ ብላችሁ እንዳትገዙ። ቢጫ የሆነን አራስ የሚያክመው ደግሞ የጤና ተቋም ውስጥ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ቀይ አምፖል ለዚያ አይጠቅምም፤ ጊዜ ያስጠፋል።

የፀሐይዋ ችግር በሐምሌና በነሐሴ ደሴ ላይ አለመኖሯ ነው። ጉም ሲወርድ መንገድ ማዶ ያለው ሰው አይታይም።

ዓይን

እዚህ ላይ አምፖሉ ከፓነሉ ይሻላል። አምፖሉ ስለሚያበራ ዓይናችን ሳናዝዘው ይጨፈናል፣ ፊታችንን እናዞራለን። 850 ናኖሜትር ግን አይታይም፤ ዓይን አይሸሸውም። ብርሃኑ የዓይንን ሌንስ አልፎ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጥ ጀርባ ላይ ያርፋል። ዕድሜ ልካቸውን የቀለጠ መስታወትና ብረት ፊት የሠሩ ሰዎች ላይ የሞራ ግርዶሽ የሚበዛው በዚሁ የኢንፍራሬድ ሙቀት ምክንያት መሆኑ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው።

«እጨፍናለሁ» ማለት አይበቃም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ፀሐይ ስትዞሩ የሚታያችሁ ቅላት፣ ብርሃን የዓይን ቆብን አልፎ እንደሚገባ ምስክር ነው። ፊት ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ከዕቃው ጋር የመጣውን ጥቁር መነጽር አድርጉ። መነጽር ሳይኖረው የሚሸጥ የፊት ፓነል አትግዙ።

ለማድያት ብላችሁ የምትገዙ እህቶች ደግሞ ቆም በሉ። ሙቀትም የሚታይ ብርሃንም ማድያትን ሊያብሱ ይችላሉ። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃኑን የበለጠ ስለሚቀበል ቶሎ ይሞቃል። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ያየው።

የማይነካው ሰው

ስኳር ኖሮት እግሩ የደነዘዘ ሰው አምፖሉም ቀበቶውም ይቅርበት። ሙቀት አይሰማውም፣ ተቃጥሎም አያውቅም። በሥጋ ደዌ ነርቩ የተጎዳ ሰውም ያው ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይህን ሕመም ለብዙ ዓመት ሲያክም ስለኖረ በኛ አካባቢ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ እሳት ዳር ተኝቶ ጣቱ የተቃጠለበት ሰው ታሪክ ያልሰማ የለም። ዕጢ ያለበት ቦታ ላይ፣ የነፍሰ ጡር ሆድ ላይ፣ ቀልቶ ትኩሳት ያለው መገጣጠሚያ ላይ አይበራም። ወለምታ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሙቀት እብጠቱን ያብሰዋል። ፀሐይ እንዳታገኛችሁ የተባላችሁበት መድኃኒት የምትወስዱም ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ታዲያ የቱን?

ጉዳያችሁ ብርድ የያዘው ወገብና ጉልበት ከሆነ፣ ቤታችሁም መብራት ካለ፣ አምፖሉን ከነጥሩ መያዣው ግዙ። ፓነል ላይ ገንዘብ አታውጡ። ሙቀት የማይስማማችሁ ከሆነ፣ ወይም በሶላር የምትኖሩ ከሆነ፣ ወይም ፊዚዮቴራፒስት «ይህን ሞክር» ካላችሁ ፓነሉ ትርጉም አለው። በሦስት ወር ምንም ለውጥ ካላያችሁ አቁሙ። ስትገዙ የናኖሜትሩን ቁጥር፣ የአስማሚውን ሂሳብ፣ መነጽሩንና የጽሑፍ ዋስትናውን ጠይቁ፤ በስልክ ካሜራም እዩት። ካሜራው መብራቱን ያሳያል እንጂ 850 ይሁን 940 አይለይም። «ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ተመዝግቧል» የሚለው ጽሑፍም ፈውስነቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። እኛ አገር የሕክምና መሣሪያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ሴትዮዋ ያን ቀን ፓነሉን መለሱ። የፈለጉት ለካ የሚያሞቅ ነገር ነበር። 150 ዋት አምፖል ይዘው ሄዱ።

እኔም ለእማዬ ያንኑ ገዛሁላት። ማቆሚያው ላይ 60 ሴንቲሜትር ገመድ አሰርኩ። ጠዋት ስትቀመጥ የገመዱን ጫፍ ይዛ ጉልበቷ ላይ ታደርሳለች፤ ገመዱ ከረገበ ወንበሯን ወደ ኋላ ትገፋለች። ቅልጥሟን በነጠላ ትሸፍናለች፣ መረቡ ያለበት ቦታ ተጨማሪ ሙቀት እንዳያገኘው። ስልኳ ላይ 15 ደቂቃ ሞልቼላታለሁ። ሲጮህ ስፒናውን ነቅላ ጀበናውን ትጥዳለች። ከሰሉ አሁን በረንዳ ላይ ነው።